ወንዙ ቢጠራ አፈሩስ?

ስለ አዲስ አበባ ወንዞች መቆሸሽ ያልተባለ ነገር የለም። ሽታው ተብሏል፣ ቀለሙ ተብሏል፣ ድልድይ ሥር ስለሚከመረው ፕላስቲክም ተብሏል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከመባል አልፎ መሠራት ጀምሯል። የወንዝ ዳርቻዎች እየተጠረጉ መናፈሻና የእግር መንገድ እየሆኑ ነው። በ2017 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ወንዝ የሚበክል ሰውንም ሆነ ድርጅትን የሚቀጣ ደንብ አውጥቷል። ይህ የሚደገፍ እንጂ የሚነቀፍ ነገር አይደለም።

የኔ ጥያቄ ግን ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። እንበልና ትንሹ አቃቂ ነገ ጠዋት እንደ እንጦጦ ምንጭ ኩልል ብሎ ወረደ። ለብዙ አሥርት ዓመታት ከዚያ ወንዝ ሲጠጣ የኖረው የጎመንና የቆስጣ መሬት አብሮ ይጸዳል ወይ? አይጸዳም። ወንዙ ቆሻሻውን ይዞ ይሄዳል፤ አፈሩ ግን የተሰጠውን ይዞ እዚያው ይቀመጣል። በኔ አስተያየት ስለ ውሃው የምንጮኸውን ያህል ስለ አፈሩ አልጮኽንም። ይህ ደግሞ ከማንም በፊት የኛ የእርሻ ተማሪዎችና መምህራን ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደዚያ እንደምል ላስረዳ።

ነገሩ ከየት ይመጣል?

ትንሹና ትልቁ አቃቂ ከሰሜን ከእንጦጦ ግርጌ ተነሥተው ከተማዋን ሰንጥቀው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ሁለቱም ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባሉ፤ ከዚያም ውሃው ወደ አዋሽ ይቀላቀላል። አዋሽ ደግሞ በቆቃ አድርጎ የወንጂንና የመተሐራን የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች እያጠጣ እስከ አፋር በረሃ ይዘልቃል፤ ባሕር አይደርስም። እንግዲህ አዲስ አበባ ላይ ወደ ቦይ የተደፋ ነገር ሁሉ ባሕር ገብቶ አይጠፋም። የሚቀረው እዚሁ አገራችን ውስጥ ነው፤ ወይ በሐይቅ ወለል ላይ፣ ወይ በእርሻ አፈር ላይ።

በመንገዱ ላይ ወንዙን የሚጠብቁት ብዙ ናቸው። ቆዳ ፋብሪካ አለ፣ ጨርቃ ጨርቅ አለ፣ ቀለም ፋብሪካ አለ፣ ብረታ ብረት አለ፣ ጋራዥ አለ፣ አሮጌ ባትሪ የሚፈታበት ቦታ አለ። ከነዚህ የሚወጣው ፍሳሽ እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ክሮሚየም፣ ኒኬል፣ ዚንክና መዳብ ሊይዝ ይችላል። በክፍል ውስጥ «ሄቪ ሜታል» እያልን የምንጠራቸው ከባድ ብረቶች እነዚህ ናቸው። ዚንክና መዳብ በጥቂቱ ለተክልም ለሰውም ያስፈልጋሉ፤ ሲበዙ ነው ጠላት የሚሆኑት። እርሳስና ካድሚየም ግን ለጎመኑም ለበላተኛውም የሚሰጡት አንዳች ጥቅም የለም።

ከሌላው ቆሻሻ የሚለዩት በአንድ ነገር ነው። የሽንት ቤት ፍሳሽ መጥፎ ነው፤ ግን በአፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ይበሉታል፣ ያብላሉታል፣ ጊዜ ከተሰጠው ማዳበሪያ ይሆናል። እርሳስን የሚያብላላ ተሕዋስ የለም። ካድሚየም ቢቀበር ካድሚየም ነው፣ ቢቃጠልም ካድሚየም ነው። ስለዚህ «ጊዜ ይፈታዋል» የሚባለው ነገር እዚህ ጋ አይሠራም። እንዲያውም መስኖው እስካልተቋረጠ ድረስ ጊዜው በረዘመ ቁጥር ክምችቱ ይጨምራል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው

«ውሃው ተለክቶ ከደረጃው በታች ከሆነ ምን ችግር አለው?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ በእጅ በሚሠራ ሒሳብ ይገኛል።

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው የመስኖ ውሃ መመሪያ ካድሚየም በአንድ ሊትር ውሃ ከ0.01 ሚሊ ግራም፣ ክሮሚየም ደግሞ ከ0.1 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። መመሪያው የተሰላው ለአንድ ሄክታር በዓመት 10,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይጠጣል በሚል ነው። አሁን ውሃችን ልክ በደረጃው ላይ ነው እንበል፤ ጥፋተኛ የማያስብል ውሃ ማለት ነው። 10,000 ሜትር ኩብ 10 ሚሊዮን ሊትር ነው። በ0.01 ሚሊ ግራም ሲባዛ 100 ግራም ካድሚየም በየዓመቱ በአንድ ሄክታር ላይ ይወርዳል።

የሚታረሰው የላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አፈር በሄክታር 2.5 ሚሊዮን ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። 100 ግራሙን ለዚያ ስናካፍለው በየዓመቱ ለአንድ ኪሎ አፈር 0.04 ሚሊ ግራም ይደርሰዋል። ትንሽ ነው፤ ማንም አይደነግጥበትም። በ50 ዓመት ግን 2 ሚሊ ግራም ይሆናል። ያልተበከለ አፈር ውስጥ የሚገኘው ካድሚየም ብዙውን ጊዜ በኪሎ ከ1 ሚሊ ግራም በታች ነው። የአውሮፓ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ1986 የፍሳሽ ዝቃጭ ለሚደፋባቸው እርሻዎች ያስቀመጠው ጣሪያ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም ነበር። ክሮሚየሙንም በዚያው ሒሳብ ብናየው በ50 ዓመት 20 ሚሊ ግራም ይጨምራል።

እርግጥ ሒሳቡ የወረደው ሁሉ እዚያው ይቀራል ብሎ የሚነሣ ነው። ከፊሉን ሰብሉ ይወስደዋል፣ ከፊሉን ጎርፍ ያጥበዋል፤ ደግሞም በኛ አገር አትክልተኛው በወንዝ ውሃ የሚያጠጣው በበጋው ነው፣ ክረምቱን በዝናብ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ቁጥር ሊያንስ ይችላል። በሌላ በኩል ውሃው ከደረጃው በላይ በሆነባቸው ቀናትና ቦታዎች ደግሞ ይበዛል። ዋናው ቁም ነገር ግን አይለወጥም፤ ውሃው ፈተናውን ቢያልፍም አፈሩ ሊወድቅ ይችላል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው ይኼ ነው። ታዲያ እኛ ወንዙን ብቻ እየለካን «ዘንድሮ ተሻሽሏል» ብንል ምን ዋጋ አለው?

አፈሩ ዝም ያለው ለምንድን ነው?

በአቃቂ ዙሪያ ያለው አብዛኛው መሬት ዋልካ ነው፤ ጥቁር፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ሲረጥብ እግር የሚይዝ። ይህ አፈር ሸክላው ብዙ በመሆኑ ብረቶችን አጥብቆ ይይዛል። ፒኤቹም ወደ ገለልተኛነት ወይም ወደ አልካሊነት የሚያደላ ስለሆነ ብረቶቹ በውሃ በቀላሉ አይሟሙም። ስለዚህ ለጊዜው ባለውለታችን ነው ማለት ይቻላል። መርዙን ውጦ ዝም ብሏል።

ነገር ግን ዝምታው ቅድመ ሁኔታ አለው። አፈሩ አሲዳማ እየሆነ ከሄደ ካድሚየምና ዚንክ ከተያዙበት ይለቀቃሉ። ዩሪያን የመሰለ ናይትሮጅን ያለው ማዳበሪያ ለብዙ ዓመታት ሲደጋገም አፈርን ወደ አሲድነት እንደሚገፋ በሁለተኛ ዓመት ትምህርታችን የተማርነው ነው። ብስባሹ ሲመናመንም ብረት የሚይዘው ኃይል ይቀንሳል። እና አንድ ቀን ምንም አዲስ ቆሻሻ ሳይጨመር፣ ወንዙም ጠርቶ፣ ቆስጣው ውስጥ ያለው ካድሚየም ሊጨምር ይችላል። ምክንያቱ የድሮው ክምችት መለቀቁ ነው።

የክሮሚየም ጉዳይ ትንሽ የተለየ ነው። ቆዳ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙት ባለ ሦስት ቫለንሲ ክሮሚየም ሰልፌት ነው። ከሚጨመረው ክሮሚየም ቆዳው የሚወስደው በተለመደው አሠራር ከሁለት ሦስተኛ እምብዛም አይበልጥም፤ ቀሪው ከፍሳሹ ጋር ይወጣል። ባለ ሦስቱ በአፈር ውስጥ ቶሎ ስለሚጨብጥ አደጋው አነስተኛ ነው። ባለ ስድስቱ ግን ካንሰር አምጪ መሆኑ የታወቀ ነው። በአፈር ውስጥ ያሉ የማንጋኒዝ ኦክሳይዶች ደግሞ ከባለ ሦስቱ የተወሰነውን ወደ ባለ ስድስት የመለወጥ አቅም እንዳላቸው ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ይታወቃል። ስለዚህ «የቆዳ ክሮሚየም ደህና ነው» ብሎ ፋይሉን መዝጋት አይቻልም።

ሰብሉም እንደየዓይነቱ ነው። ሰላጣና ቆስጣን የመሰሉ ቅጠላ ቅጠሎች ካድሚየምን ወደ ቅጠላቸው በደንብ ይስባሉ። ጥቅል ጎመን ከነሱ ያነሰ ይስባል። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ በቆሎ ደግሞ ወደ ፍሬያቸው የሚያደርሱት ይበልጥ ያነሰ ነው። እርሳስ ከሥር አልፎ ብዙም አይወጣም፤ ይልቁንም ከአፈርና ከመንገድ አቧራ ጋር ቅጠሉ ላይ ይቀመጣል። እንግዲህ «አጥቤ እበላለሁ» የሚለው ለአቧራው ይረዳል፤ ሥሩ ስቦ ቅጠሉ ውስጥ ያስገባውን ግን ሎሚም ኮምጣጤም አያወጣውም።

ይህ ሁሉ በመላምት ብቻ የቀረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 ፍሥሐ ኢታና በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት በአዲስ አበባ የሚበቅሉ የቅጠል አትክልቶችን መርምረው ከሚመከረው መጠን በላይ የሆኑ ብረቶች አግኝተዋል። ከዚያ ወዲህም በአቃቂና በሞጆ ዙሪያ ብዙ ተመራማሪዎች ለክተዋል። ከሃያ ዓመት በላይ አውቀናል ማለት ነው። የጎደለን ማወቁ አይመስለኝም፤ የታወቀውን ይዞ ማሳው ላይ መመለሱ ነው።

ሌሎች ምን ደረሰባቸው?

በጃፓን ቶያማ ግዛት የጂንዙ ወንዝ ከካሚዮካ የማዕድን ማውጫ ካድሚየም ተሸክሞ የሩዝ ማሳዎችን ሲያጠጣ ኖረ። በተለይ በዕድሜ የገፉ ሴቶች ኩላሊታቸው እየደከመ፣ አጥንታቸው እየሳሳ በትንሽ ነገር ይሰበር ጀመር። ሕመሙ ከጩኸታቸው «ኢታይ ኢታይ» ተባለ፤ «አመመኝ አመመኝ» እንደማለት ነው። መንግሥት በብክለት የመጣ በሽታ መሆኑን ያመነው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። የተበከለውን አፈር የመመለሱ ሥራ ተጀምሮ እስኪያልቅ 33 ዓመት ወስዶ እ.ኤ.አ. በ2012 ተጠናቀቀ። 863 ሄክታር መሬት ነው፤ የወጣበት ገንዘብ 40.7 ቢሊዮን የን ነው። ጃፓን ሀብታም አገር ናት፤ ቻለችው። እኛስ? ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች አነጋገር ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ሁለተኛው ምሳሌ ፋብሪካ እንኳ የለበትም። በኮስታ ሪካ ደቡብ ምዕራብ በሚገኙ የሙዝ እርሻዎች ከ1930ዎቹ እስከ 1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ የቅጠል በሽታን ለመከላከል የመዳብ ድብልቅ ይረጭ ነበር። ሙዙ ተረፈ፤ ኩባንያው ግን በኋላ አካባቢውን ለቆ ሄደ። መዳቡ አልሄደም። መሬቱን የወረሱት ገበሬዎች ሌላ ሰብል ሲዘሩ ቀጨጨባቸው። ርጭቱ ከቆመ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዕዳው ግን የሚከፈለው መድኃኒቱን ባልረጨው ሰው ነው። የተከለውና የሚያጭደው ሰው ይለያያል ማለት ነው።

ቻይናም እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ባደረገችው አገር አቀፍ የአፈር ጥናት ከተመረመሩት የእርሻ መሬት ናሙናዎች 19.4 በመቶው ከደረጃ በላይ ተበክሎ መገኘቱን አምናለች። ያን ዓይነት ቁጥር ለሕዝብ መግለጽ ደስ አይልም። ግን ሳይታወቅ የሚታረም ነገር የለም።

የሚነሡ ክርክሮች

አንደኛው ክርክር «ስንት ዓመት በላነው፣ ማን ሞተ?» የሚለው ነው። ካድሚየም አንድ ጊዜ ተበልቶ የሚጥል መርዝ አይደለም። ኩላሊት ውስጥ ገብቶ ግማሹ እስኪወጣ ከ10 እስከ 30 ዓመት ይፈጃል። እርሳስም የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳው ቀስ ብሎ ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የታወቀ የእርሳስ መጠን የለም ይላል። በትምህርቱ ወደኋላ የቀረ ልጅ የሞት የምስክር ወረቀት አይጻፍለትም። ስለዚህ «ማን ሞተ» የሚለው ጥያቄ ራሱ የተሳሳተ መለኪያ ነው።

ሁለተኛው «እንግዲያው አትክልተኞቹን እናስነሣቸው፤ ይከልከሉ» የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ለጤና አስበው ሊሆን ይችላል። ግን ፍትሕ የለበትም። ወንዙን ያቆሸሸው አትክልተኛው አይደለም። እሱ ቧንቧ የለው፣ ጉድጓድ ለማስቆፈር አቅም የለው፣ ባገኘው ውሃ ቤተሰቡን እያበላ ከተማውንም ሲመግብ የኖረ ሰው ነው። ፋብሪካው ላጠፋው ገበሬውን መቅጣት በሬ ለጠፋበት ሰው ቀንበሩንም እንደመቀማት ነው። ከዚያ ደግሞ የሚነሣው ሰው ቆስጣ መትከሉን አይተውም፤ ከወንዙ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወርዶ ያው ውሃ ላይ ይተክላል። መሬቱስ? ሕንፃ ካልተሠራበት ነገ ሌላ ሰው ጓሮ አትክልት ያለማበታል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሌማት ትሩፋት የከተማ ግብርና እየተስፋፋ ነው፤ መልካም ነው። ችግኝ ከመታደሉ በፊት ግን «ይህ ቦታ ድሮ ምን ነበረ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ጋራዥ የነበረ ግቢ ላይ የበቀለ ሰላጣ አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ ጤናማ አይባልም።

ሦስተኛው «ይህ የአዲስ አበባ ብቻ ችግር ነው» የሚለው ነው። በመጠኑ ልክ ነው። ነገር ግን ካድሚየም በፎስፌት ማዳበሪያም ይመጣል። ማዳበሪያው የተሠራበት ድንጋይ እንደየአገሩ ካድሚየም አለው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአንድ ኪሎ የፎስፈረስ ኦክሳይድ ከ60 ሚሊ ግራም በላይ ካድሚየም ያለው የፎስፌት ማዳበሪያ በኅብረቱ ደረጃ እንዳይሸጥ አድርጓል። እኛ ለአሥርት ዓመታት ዳፕ፣ በኋላም ኤንፒኤስ እያስገባን በገበሬ ማሳ ላይ ስንበትን ኖረናል። በዚህም ላይ ከሚታረሰው መሬታችን ትልቅ ድርሻ ያለው በደጋው አሲዳማ ነው፤ ካድሚየም የሚሟሟበት አፈር ማለት ነው። ማዳበሪያ ይቅር አላልኩም፤ ማዳበሪያ ቢቀር የምንራበው እኛው ነን። ሲገዛ የካድሚየሙ መጠን ይጠየቅ፣ ለአሲዳማው መሬት ኖራው ይድረስ ነው የምለው። ኖራ ምርት ከመጨመሩ ሌላ ካድሚየምን አፍኖ ይይዛል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው ከምንጩ ማቆም ነው። ቆዳ ፋብሪካ የክሮሚየሙን ፍሳሽ ከሌላው ፍሳሽ ሳይቀላቅል ለይቶ ቢያወጣው፣ በማግኒዥየም ኦክሳይድ አዝቅጦ፣ በሰልፈሪክ አሲድ መልሶ አሟምቶ እንደገና ሊጠቀምበት ይችላል። ይህ የታወቀ ቴክኖሎጂ ነው፤ ኬሚካል ከውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ ፋብሪካ ቁጠባም ነው።

ሁለተኛው የአፈር ካርታ ነው። በወንዞቹ ዳር ያሉ የአትክልት ማሳዎች አንድ በአንድ ተለክተው፣ ቦታቸው ተመዝግቦ፣ ሦስት ዓይነት ምልክት ይሰጣቸው፤ ማንኛውም ነገር የሚመረትበት፣ ቅጠላ ቅጠል የማይመረትበት፣ ጨርሶ የሚበላ ነገር የማይመረትበት። ሁለተኛው ምድብ ውስጥ የገባ ገበሬ መሬቱን አይለቅም፤ ከቆስጣ ወደ ቲማቲም፣ ወደ ቃሪያ ወይም ወደ በቆሎ እሸት ይሸጋገራል። ሦስተኛው ውስጥ የገባው የአበባና የዛፍ ችግኝ ሊያፈላ ይችላል። ከብት መኖ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ላሟ የበላችው በጉበትና በኩላሊት አድርጎ ወደ ሰው ይመጣል። ምን ያህል ወደ ሰብሉ እንደገባም ገበያ ላይ መፈተሽ ይቻላል፤ ኮዴክስ ለቅጠላ ቅጠል ያስቀመጠው ጣሪያ በኪሎ ካድሚየም 0.2፣ እርሳስ 0.3 ሚሊ ግራም ነው።

ሦስተኛው ሕጉን መጠቀም ነው። ሕግ አጣን ማለት አንችልም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዛል፤ በአፈር ላይ ስለሚጨመሩ ነገሮችም ደረጃ እንዲወጣ ይላል። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159 ወጥቷል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። «አፈሬን በክለህብኛል፣ ክፈለኝ» የሚል ገበሬ ፍርድ ቤት ቢቆም ዳኛው የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «መቼ፣ ምን ያህል ነበረ፣ ዛሬስ ምን ያህል ሆነ?» የሚል ነው። ውሃው እኮ ትናንት ሄዷል፤ ምስክር አይሆንም። ምስክሩ አፈሩ ነው። አፈሩም የሚመሰክረው ቀን የተጻፈበት ልኬት ካለ ብቻ ነው።

የኛ ድርሻ

እዚህ ላይ ነው ወደ ትምህርት ክፍላችን የምመጣው። በየዓመቱ ተመራቂ ተማሪ ወደ ማሳ ወርዶ አፈርና ጎመን ይለቅማል። ገበሬው ሥራውን ትቶ ያሳያል፣ ከሚሸጠው ላይ ቆርጦ ይሰጣል፣ «እስቲ እግዜር ይርዳችሁ ልጆቼ» ብሎ ይመርቃል። ናሙናው ላቦራቶሪ ይገባል፣ በአቶሚክ አብዞርፕሽን ይነበባል፣ ሠንጠረዥ ይሆናል፣ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ተማሪው ውጤቱን አግኝቶ ይመረቃል። አፈሩን የሰጠው ሰውዬስ? የራሱ መሬት ውጤት ስንት ጊዜ ደርሶት ያውቃል? ደም የሰጠ በሽተኛ ውጤቱ ሳይነገረው ወደ ቤቱ ቢላክ ሐኪሙን ምን እንለዋለን?

አንዳንድ መምህራን «ብንነግረው ከማስደንገጥ በቀር ምን እናደርግለታለን?» ይላሉ። ስጋቱ ይገባኛል። ወሬው ገበያ ላይ ከወጣ ደንበኛ ይሸሸዋል፤ ለፋብሪካው ጥፋት እሱ ይከስራል። ግን መፍትሔው መደበቅ አይመስለኝም። ከፍ ብዬ እንዳልኩት ልንነግረው የምንችለው ብዙ አለ፤ የትኛውን ሰብል መተው፣ የትኛውን መተካት፣ ብስባሽ መጨመር፣ ከየትኛው ቦይ አለማጠጣት። ልጆቹ ማሳው ላይ ሲጫወቱ እጃቸውን ሳይታጠቡ እንዳይበሉ ማለት እንኳ ትልቅ ምክር ነው። ባዶ እጃችንን ካልሄድን አናስደነግጠውም።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍሉ አራት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በገበሬ ማሳ ላይ የሚሠራ ማንኛውም የመመረቂያ ጽሑፍ ከመጠረዙ በፊት ለባለ ማሳው በሚገባው ቋንቋ፣ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ፣ አንድ ገጽ ውጤትና ምክር የተሰጠበት መሆኑ ይረጋገጥ። ግልባጩም ለወረዳው ግብርናና ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይድረስ። ሁለተኛ፣ በየዓመቱ አዲስ ቦታ ከማሳደድ የተወሰኑ ማሳዎች ተመርጠው በየሁለት ዓመቱ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ጥልቀት፣ በዚያው ዘዴ ይለኩ። አንድ ልኬት ወሬ ነው፤ አሥር ዓመት የተከታተለ ልኬት ማስረጃ ነው። ሦስተኛ፣ ጠቅላላ ብረቱ ብቻ ተለክቶ አይቁም፤ ፒኤችና ብስባሹ፣ ለተክል የሚደርሰው ክፍልም አብሮ ይለካ፤ ያለበለዚያ ቁጥሩ ስለ ቆስጣው የሚነግረን ነገር የለም። አራተኛ፣ በየመደርደሪያው የተበተነው የድሮ ጽሑፍ ሁሉ ውጤቱ ወጥቶ በአንድ መዝገብ ይጠቃለል። ይህ አራተኛው ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ኮምፒውተርና ጥቂት ትጉህ ተማሪ ይበቃዋል። የክረምቱን ዕረፍት ለዚህ ለመስጠት እኔ ዝግጁ ነኝ፤ አብሮኝ የሚሠራ ጓደኛ እንደማላጣም አምናለሁ።

የወንዙ መጽዳት የሚታይ ሥራ ነው፤ ፎቶ ይነሣል፣ ሪባን ይቆረጥበታል። የአፈር ሥራ አይታይም። የተበከለ ዋልካና ጤነኛ ዋልካ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ልዩነቱን ለማየት መሣሪያውም ትምህርቱም ያለው እኛ ጋ ነው። የሠለጠንነው በዚያ ገበሬ ግብር ጭምር ነውና የመሬቱን ሁኔታ እንድንነግረው መጠበቁ ልመና አይደለም፤ መብቱ ነው። የዚህ ዓመት ናሙና ለቀማ የሚጀመረው ክረምቱ ወጥቶ መስኖ ሲገባ ነው። እስከዚያ ድረስ ትምህርት ክፍሉ ቢያንስ የመጀመሪያውን ሐሳብ ተወያይቶበት ቢወስን፣ ዘንድሮ አፈሩን የሚሰጠን ሰው ውጤቱን የሚሰማ የመጀመሪያው ገበሬ ይሆናል።

ቸር ይግጠመን።